የጅብ ጥላ በአስፐን ሂል

በነሐሴ ማብቂያና በመስከረም መግቢያ ላይ ሰማዩ ሁለት ሦስት ቀን ሲያዘንብ ሰንብቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ እዚህ በምንኖርባት በአስፐን ሂል ከየግቢው ሣር ላይ፣ በተለይም ከትልልቆቹ የኦክ ዛፎች ሥር፣ ነጫጭ ጃንጥላዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ በየሠፈሩ በእግሩ የሚመላለስ ሁሉ ያያቸዋል። ፈረንጆቹ የሣር ማጨጃቸውን ነድተውባቸው ያልፋሉ። የእኛ ሰዎች ግን ቆም ይላሉ። አንዱ «ይበላ ይሆን?» ይላል። ሌላው «በቡና ተደርጎ የሚሸጠው መድኃኒት ይህ አይደለም እንዴ?» ይላል። ሦስተኛው ከልጅነቱ የሰማውን ያስታውስና «ተው! የጅብ ጥላ ነው» ብሎ እጁን ይሰበስባል።

ከሦስቱ ብልሁ ሦስተኛው ነው። ችግሩ፣ እሱም ፍርሃቱን አብዝቶ ከመደብር የሚሸጠውን እንጉዳይ ጭምር ይሸሽና 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት በሽሮና በምስር ብቻ ይገፋቸዋል። ፍርሃታችንን በየቦታው ማዋል ይኖርብናል። የሚገድለውን እንፍራ፣ የሚበላውን እንብላ፣ መድኃኒት ያልሆነውን መድኃኒት ነው ብሎ ለሚሸጥልን ደግሞ ገንዘባችንንም ጤናችንንም አናስረክብ። የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ይኸው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበርኩ፣ ከዚያም በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። በዚህ የተነሣ ሠፈሩ ግራ ያጋባውን ነገር ሁሉ ይዞልኝ ይመጣል። የማያውቁትን መጠየቅና ማንበብ ደግሞ የቀድሞ ሙያዬ ነውና እንዲህ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

አገር ቤት የቀረው ዕውቀት

ባደግሁበት ደጋ አገር የክረምት እንጉዳይ ከመስኩ ላይ ሲፈላ የሚለቅመው ሰው አላየሁም። «የጅብ ጥላ» የሚለው ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጅብ ይጠለልበታል ከተባለ ነገር ሥር እጁን የሚሰድ ልጅ የለም። የሚበላውን ከማይበላው የሚለይ ሰው በሌለበት አካባቢ ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ ሁሉንም መተው ጥሩ ዘዴ ነበር።

ኢትዮጵያ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለችም። በደቡብ ምዕራብ ጫካ የሚኖረው የማጃንግር ሕዝብ እንጉዳይን እየለየ፣ ስም እየሰጠ ሲመገብ የኖረ ነው። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ኖቡኮ ቱኖ የማጃንግሮችን የእንጉዳይ አጠቃቀም በ2001 በአንድ የእንጉዳይ ሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥታዋለች። በአሶሳ ዞን በመንጌ ወረዳም ከኩይሳ ላይ የሚወጣው ትልቁ እንጉዳይ የታወቀ ነው። ይህን እንጉዳይ የሚያርሰው ምስጡ ነው ማለት ይቻላል። ምስጡ የለቀመውን ቅጠልና እንጨት አመንዥጎ ከኩይሳው ውስጥ መደብ ያበጅና በላዩ ላይ የእንጉዳዩን ድር ያለማል፣ ከእሱም ይመገባል። ዝናቡ ሲመጣ እንጉዳዩ የኩይሳውን አፈር ሰንጥቆ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሰው ይለቅመዋል። የሰው ልጅ በገዛ እጁ እንደ ሌሎቹ እንጉዳዮች አላምዶ ለገበያ ሊያመርተው አልቻለም፤ ምስጥ በልጦናል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የእንጉዳይ ሳይንስ አጥኚው ዳዊት አባተ በደጋው አገራችን የሚበቅሉትን የሜዳ እንጉዳዮች ከመመዝገባቸውም በላይ፣ እንጉዳይ በአገር ውስጥ እንዲመረት በ1990ዎቹ ሲደክሙ ነበር። የእንጉዳይ አመራረት መመሪያቸው በ1998 በብርሃንና ሰላም ታትሟል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በጥጥ ፍሬ ገለባና በጭድ ላይ እንጉዳይ አብቅለው የሚሸጡ ሰዎች ቢታዩ ከእንዲህ ያለው ሥራ የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው። የእንጉዳይ ዕውቀት የቦታ ዕውቀት ነው፤ ከባለቤቱ ጋር አውሮፕላን አይሳፈርም። የማጃንግር ሽማግሌ እንኳ ወደ ሮክ ክሪክ ቢመጣ ከዜሮ መጀመር ይኖርበታል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ሰዎች ይህን በሕይወታቸው ከፍለው ተምረዋል። በአገራቸው በሩዝ ገለባ ላይ የሚበቅል፣ ጫጩቱ እንቁላል የሚመስል ጥሩ እንጉዳይ አላቸው። በካሊፎርኒያ ጫካ ያንኑ የሚመስል አገኙ፤ ደስ ብሏቸው ለቀሙት፣ ለቤተሰብ አቀረቡት። ፈረንጆቹ «የሞት ቆብ» የሚሉት ሆኖ ተገኘ።

ነጩ መልአክ

በእኛ አካባቢ በሣራችን ላይ የሚወጣው የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ስሙን «አጥፊው መልአክ» ብለውታል። ከቆቡ እስከ ሥሩ ነጭ ነው። ከቆቡ ሥር ያሉት ስንጥቆችም ነጭ ናቸው፣ ከግንዱ ላይ ቀጭን ቀለበት አለው፣ ከአፈር ውስጥ ደግሞ ሥሩ በከረጢት የተጠቀለለ ይመስላል። ከረጢቱን የሚያየው ግን አፈሩን ቆፍሮ የሚያወጣ ሰው ነው፤ እንደ ጎመን ቀንጥሶ የሚወስድ አያየውም። ሽታው አያስጠላም፤ በልተው የተረፉ ሰዎችም ጣዕሙ ጥሩ እንደ ነበር ይናገራሉ።

የሚገድለው አማቶክሲን የሚባል መርዝ ነው። ይህ መርዝ ቢቀቅሉት፣ ቢጠብሱት፣ ቢያደርቁት፣ በበረዶ ቢያስቀምጡት አይሞትም። ክፋቱ በጊዜው ነው። ሰውዬው በልቶ ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም አይሰማውም። ከዚያ ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ይይዘዋል። በሁለተኛው ቀን ገደማ ይሻለዋል፤ ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል፣ እሱም ከሆስፒታል ልውጣ ይላል። በዚያ የተሻለው በመሰለበት ሰዓት ጉበቱ እየፈረሰ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድነው አዲስ ጉበት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሩቅ አገር የሚደርስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 2011 ዶፍ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም ከግቢያቸው ለቅመው የበሉ ሰዎች ዋሽንግተን በሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ኮሸሽላን ከሚመስል እሾሃማ ተክል የተገኘ ሲሊቢኒን የተባለ መድኃኒት በሙከራ ፈቃድ በደም ሥራቸው ተሰጥቷቸው ከሞት ተርፈዋል። ወደ ሆስፒታል ቶሎ መሄዳቸው ጠቅሟቸዋል።

ከእኛም ዘንድ የሚነገሩ መፈተኛዎች አሉ። የብር ማንኪያ ካላጠቆረ ይበላል፣ ነጭ ሽንኩርት አብሮት ሲበስል ቀለሙን ካልለወጠ ይበላል፣ ትል ከበላው ሰውም ይበላዋል ይባላል። ሁሉም ውሸት ነው። አጥፊውን መልአክ ትልም ቀንድ አውጣም ይበላዋል፣ አይሞትም። በዚህ አገር ደግሞ ስልክ የሚባለውን የእንጉዳይ ፎቶግራፍ አሳይቶ ስሙን የሚናገር መሣሪያ የሚያምኑ ወጣቶች አሉ፤ ስልኩ ቢሳሳት ጉበት የለውም።

ስለዚህ ማንም ሰው፣ በተለይም ሣር ላይ የሚጫወት ሕፃን፣ ያልታወቀ እንጉዳይ ቢበላ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም። የመርዝ መቆጣጠሪያው ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አይከፈልበትም፣ እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ። የቀረውን እንጉዳይ፣ ቢቻል ከነሥሩ፣ በወረቀት ከረጢት አድርጎ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው። የእንጉዳይ ለቀማን በደንብ መማር የሚፈልግ ሰው ካለም የዋሽንግተን የእንጉዳይ ወዳጆች ማኅበር በዚሁ አካባቢ አለ፤ ከእነሱ ጋር ዓመታት ተመላልሶ ይማር እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ አይሞክር።

እንጉዳይና ጠርሙሱ

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልግባ። በዚሁ በአስፐን ሂል ጆርጂያ አቬኑና ኮኔቲከት አቬኑ ከሚገናኙበት ብዙ በማይርቅ አፓርትመንት የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ልባቸው ስለሚያስቸግራቸው ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ ስኳርም አለባቸው። አንድ ቀን ቡና ጠጡ ብለው ጠርተውኝ ሄድኩ። እጣኑ ይጨሳል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ከረከቦቱ አጠገብ ግን የወርቅ ቀለም የተቀባ ካርቶን አየሁ። በውስጡ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ «የእንጉዳይ ቡና» ነበር።

«እማማ፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«መድኃኒት ነው ልጄ። ስኳሩንም ደሙንም ያስተካክላል ብሎ አንድ የአገራችን ልጅ አመጣልኝ። እሱን ከጀመርኩ ወዲህ የስኳሩን ኪኒን አንድ ቀን ውዬ አንድ ቀን ነው የምወስደው።»

«ሐኪምዎ ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ ልንገረው? የእግዚአብሔር ቅጠል እኮ ነው፤ ምን ይጎዳል?»

«የጅብ ጥላስ የማን ነው እማማ?» ብላቸው ሳቁ። ካርቶኑ ግን ከአጠገባቸው አልተነሣም።

የሚያሳዝነው ነገር ብዙ ነው። የቡና አገር ልጅ ለሆኑ እናት፣ ጀበናቸው በተጣደበት ቤት፣ በከረጢት የታሸገ ቡና መሸጥ መቻሉ አንዱ ነው! ሻጩ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ከላዩ ካለው ሰው ገዝቶ፣ ከሥሩ ሌላ ሻጭ መመልመል ያለበት፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ስደተኛ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታልና። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኒህ እናት አፍንጫቸው እየደማ አልቆም ብሎ ወደ ሐኪም ተወሰዱ፤ ስኳራቸውም ወጥቶ ተገኘ። ሐኪሙ መድማቱ ከዱቄቱ ነው ብሎ አልፈረደም፣ ግን ካርቶኑን አይቶ ወዲያው እንዲያቆሙ አዘዛቸው። ምክንያቱም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሬሺ የተባለው እንጉዳይ የደምን መርጋት ሊቀንስ ይችላል የሚል ጥርጣሬ ስላለ ከደም ማቅጠኛ ጋር አብሮ መውሰድ አይመከርም። ካርቶኑ ስለዚህ የሚለው አንድም ቃል አልነበረም።

እንጉዳይና ዘመዶቹ መድኃኒት አይሆኑም ለማለት አይደለም። እንዲያውም ከሻጋታ ወገን የወጣ መድኃኒት ያልወሰደ አንባቢ የሚኖር አይመስለኝም። ፔኒሲሊን በ1928 ለንደን ውስጥ ከሻጋታ የተገኘ ነው። የኩላሊትና የልብ ንቅለ ተከላ እንዲሳካ ያደረገው፣ በ1983 በአሜሪካ የተፈቀደው ሳይክሎስፖሪን ከአፈር ውስጥ ሻጋታ የወጣ ነው። ለደም ስብ የሚታዘዘው ሎቫስታቲን በ1987 ሲፈቀድ ምንጩ ሻጋታ ነበር፤ የጆሮ ቅርጽ ያለው የኦይስተር እንጉዳይም ይህንኑ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይዟል። ጃፓን ደግሞ «የቱርክ ጭራ» ከሚባለው እንጉዳይ የተጣራውን ክሬስቲን በ1977፣ ከሺታኬ የተጣራውን ሌንቲናን በ1985 ከካንሰር ሕክምና ጋር ተደርበው እንዲሰጡ ፈቅዳለች። ይህ የቱርክ ጭራ በእኛው በሮክ ክሪክ ዳር በወደቀ ግንድ ላይ ተደራርቦ ይበቅላል። ልብ በሉ፤ ጃፓኖቹ ከኬሞቴራፒ ጋር ደርበው እንጂ በኬሞቴራፒ ፈንታ አልሰጡትም፤ የሰጡትም ተጣርቶ፣ ተመዝኖ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ነው። በአሜሪካ ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደ የእንጉዳይ ምርት የለም።

ጠርሙሱ ግን በሌላ ሕግ ነው የሚሸጠው። በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ተጨማሪ ምግብ የሚባለውን ነገር የሚሸጥ ድርጅት ከመሸጡ በፊት ይሠራል ብሎ ለመንግሥት ማስረጃ ማቅረብ የለበትም። በዚያ ፈንታ ከጠርሙሱ ጀርባ በደቂቅ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ይህ ምርት ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም የሚል ነው። ሻጩ በአማርኛ «ይፈውሳል» ሲለን ጠርሙሱ በእንግሊዝኛ «አልፈውስም» ይለናል። ችግራችን ሁለቱን ቋንቋ አንድ ላይ አለማንበባችን ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም እንጉዳይ መሆኑ ሁልጊዜ እርግጥ አይደለም። በ2017 በታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ገበያ ከተገዙ 19 የሬሺ ምርቶች ውስጥ እውነተኛ ሬሺ መሆናቸው የተረጋገጠው አምስቱ ብቻ ነበሩ። እውነተኛ ሲሆንም ሌላ ጣጣ አለ። ጃፓን ውስጥ አንዲት የ72 ዓመት የጉበት ካንሰር ሕመምተኛ ቻጋ የተባለውን ዱቄት በየቀኑ አራት አምስት ማንኪያ ለስድስት ወር ወስደው ኩላሊታቸው ሥራውን እንዳቆመ በ2014 ተጽፏል፤ ቻጋ ኩላሊትን የሚዘጋ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛበት ነው። ታይላንድ ውስጥ ደግሞ ከሬሺ ዱቄት ጋር የተያያዘ ለሞት ያደረሰ የጉበት ጉዳት በ2007 ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም። ይሁን እንጂ ኩላሊቱ የደከመ፣ ጉበቱ የታመመ፣ ደም ማቅጠኛ ወይም የንቅለ ተከላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ደብቆ የሚሞክረው ነገር አይደለም።

ወላጆቻችንን ሐኪም ዘንድ የምናደርስ ልጆች አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን። ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እናቶቻችን «የለም» ነው የሚሉት፤ በእነሱ ቋንቋ ቡናና ቅጠል መድኃኒት አይባልም። ስለዚህ ጥያቄውን ከመተርጎም ይልቅ ከኪኒኖቹ ጋር ካርቶኑንም ጠርሙሱንም በከረጢት ይዞ ሄዶ ከጠረጴዛው ላይ መዘርገፍ ይሻላል።

ስለ ሌላው ዓይነት እንጉዳይ

በዚህ ላይ ረጅም አልሄድም፤ ዝም ብዬ ግን አላልፈውም፤ ልጆቻችን እየሰሙ ነውና። ሲሎሳይቢን የተባለውን አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር የያዙ እንጉዳዮች አሉ። ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ2016 የታተመ ጥናት በ51 የካንሰር ሕመምተኞች ላይ ይህ ንጥረ ነገር የሞት ፍርሃትንና ድብርትን እንዳቀለለ አሳይቷል። ከአስፐን ሂል በመኪና ብዙ በማያስኬደው በሮክቪል፣ በአኩዊሊኖ የካንሰር ማዕከል፣ 30 ካንሰርም ድብርትም ያለባቸው ሰዎች አንድ ጊዜ ተመዝኖ ተሰጥቷቸው፣ በአማካሪዎች ተከብበው የተደረገው ሙከራ ውጤት በ2023 ወጥቷል፤ ከስምንት ሳምንት በኋላ ግማሾቹ ድብርቱ ለቋቸው ነበር። የሚያበረታታ ነው፤ ሆኖም ማነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረው ትንሽ ሙከራ ነው።

የዋሽንግተን ከተማ መራጮች በኅዳር 2020 ድምፅ ሰጥተው ፖሊስ እንዲህ ያሉትን ዕፅዋት ከክትትሉ መጨረሻ ላይ እንዲያደርጋቸው አድርገዋል። ይህን ሰምቶ «ተፈቅዷል» የሚል የእኛ ወጣት አጋጥሞኛል። ከተማው ቢያልፈውም የፌዴራሉ የ1970 ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት መደብ መድቦታል፤ የስደተኛን ጉዳይ የሚመለከተው ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ወይም ገና ዜግነት ያላገኘ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ቢያዝ የሚከተለው መዘዝ ለአሜሪካዊው ጓደኛው ከሚከተለው ጋር አንድ አይደለም። በቤተሰቡ የአእምሮ መታወክ ያለበት ሰውም ከእነዚህ ሙከራዎች የሚገለልበት በቂ ምክንያት አለ፤ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ድብርት ያለበት ወገናችን መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግር።

ወደ መጥበሻው

ፍርሃቱን እዚህ ላይ እንተወው። በየመደብሩ የሚሸጠው እንጉዳይ ከጫካ የተለቀመ ሳይሆን የታረሰ ነው። አብዛኛው ከእኛ ሁለት ሰዓት ገደማ በመኪና ከሚያስኬደው ከፔንሲልቬንያ ኬኔት ስኩዌር አካባቢ ይመጣል፤ የአሜሪካ እንጉዳይ ከግማሽ በላይ የሚመረተው በዚያ ግዛት ነው። መስኮት በሌለው ጨለማ ቤት፣ የፈረስ ፍግና ጭድ ተቀላቅሎ በበሰበሰና በእንፋሎት በጸዳ አፈር ላይ ይበቅላል። ፍግ ሲባል የሚጸየፍ ካለ፣ አገር ቤት ጎመኑ በምን ይበቅል እንደ ነበር ያስታውስ።

ገበያውን በሚመለከት አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ነጩ ትንሹ እንጉዳይ፣ ቡናማው ክሪሚኒ፣ እንደ ሰሐን የሰፋውና በውድ የሚሸጠው ፖርቶቤሎ፣ ሦስቱም አንድ ዘር ናቸው። ክሪሚኒው ቡናማው ዓይነት ነው፤ ፖርቶቤሎው ያው ክሪሚኒ እስኪሰፋ የተተወ ነው። ሺታኬውና ኦይስተሩ ግን ሌላ ዘር ናቸው፤ በዊተንና በሮክቪል በሚገኙት የእስያ መደብሮች ከሌላው ቦታ ረከስ ብለው ይገኛሉ።

የጾም ሥጋ ነው ሲባል ግን እናስተውል። 100 ግራም ጥሬ እንጉዳይ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም ያህል ነው፤ የተቀቀለ ምስር 9 ግራም አለው። 92 በመቶው ውኃ ነው። ሥጋን የሚተካው በጣዕሙና በአኘካኘኩ ነው እንጂ በፕሮቲኑ አይደለም። ስለዚህ ምስሩንና ሽሮውን አስወጥቶ ሳይሆን አጠገባቸው ይቀመጥ። ቫይታሚን ቢ12ንም ከእንጉዳይ አትጠብቁ። ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም። 100 ግራሙ 22 ካሎሪ ብቻ ነው፣ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ሳይሳቀቅ ይበላዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ፖታሲየም ስላለበት ልኩን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለእኛ ለጠቆርነው ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ፣ ዋሽንግተን ወደ 39 ዲግሪ ናት። በክረምት የዚህ አገር ፀሐይ ታበራለች እንጂ በቆዳችን ውስጥ ቫይታሚን ዲ የምትሠራበት ኃይል የላትም፤ ቆዳችን ሲጠቁር ደግሞ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪሞች ለብዙዎቻችን «ቫይታሚን ዲ ጎድሎሃል» የሚሉን ለዚህ ነው። እንጉዳይም እንደ ሰው ፀሐይ ሲመታው ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ በጨለማ ያደገው ግን የለውም ማለት ይቻላል። በበጋ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነጩን እንጉዳይ ቆራርጦ በትሪ ዘርግቶ ከሩብ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት፣ 100 ግራሙ ብዙውን ጊዜ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ያገኛል፤ ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው 15 ነው። በመስኮት መስታወት ውስጥ አይሆንም፤ መስታወቱ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። በርበሬ ማስጣት የለመደች እናት ይህን ለማድረግ አስተማሪ አያስፈልጋትም።

አሠራሩን የማውቀው ይህን ያህል ነው። የብዙ ሰው ስሕተት እንጉዳዩን ከሽንኩርቱ ጋር አንድ ላይ መክተት ነው፤ ውኃው ይወጣና ጥብሱ ቅቅል ይሆናል። ለአራት ሰው ሁለት ፓውንድ፣ ግማሹ ኦይስተር ግማሹ ክሪሚኒ ይሁን። ኦይስተሩን በቢላ ሳይሆን በእጅ እንደ ሥጋ ሰንጥቁት። መጥበሻውን በደንብ አግሉና ያለ ዘይት ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ጨምሩ፤ አትከምሩት። ይንጫጫል፣ ውኃውን ይለቅቃል፣ ውኃው ሲደርቅና ጠርዙ ሲቀላ አውጥታችሁ አስቀምጡት። አሁን ዘይት አድርጉና ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በሰፊው ተቆርጦ ይጠበስ፤ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ይከተል። በውኃ ወይም በጠጅ የተበጠበጠ አንድ ማንኪያ ተኩል አዋዜ ጨምሩ፤ ሲንተከተክ እንጉዳዩን መልሱበት። ጨውን በመጨረሻ፣ ቃሪያውን ከእሳት ሊወርድ ሲል። ጥሬውን ወይም ለጋውን መብላት የሚወድ ሰው ካለ በተለይ ሺታኬን ይተው፤ በደንብ ያልበሰለ ሺታኬ አንዳንድ ሰው ጀርባ ላይ በአለንጋ የተገረፈ የሚመስል ሽፍታ ያወጣል።

የደረቀ ሺታኬ ካላችሁ በሙቅ ውኃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ውኃውን አትድፉት። ቁሌቱ ሲበስል ጠብ ጠብ የሚደረገው በእሱ ቢሆን የጾም ሽሮ የሥጋ መረቅ የገባበት ይመስላል። አንዲት ዘመዴ ይህን ሠርታ አቅርባ የንስሐ አባታቸው ከመጉረሳቸው በፊት «ይህ ጾም ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ እንዳስጠየቋት ነግራኛለች።

ከመደብር ስትገዙ የሚያሙለጨልጨውንና የሸተተውን ተዉ፤ በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት፣ በሳምንት ውስጥ ጨርሱት። ጥብሱ ቢተርፍ በማግስቱ ጠዋት ከደረቅ እንጀራ ጋር ፍርፍር ይሆናል ይላሉ። እኔ ቤት እስካሁን ተርፎ አያውቅም።